ለመክሳት የሚጠጣ ወተት

በማግሥቱ ልሄድ፣ በዋዜማው ምሽት እናቴ ቤት የገባ ጎረቤት ሁሉ ሳያጎርሰኝ አልወጣም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይልና ሁለተኛውን ይደግመኛል፤ ሁለቱን ስውጥ ደግሞ «ሦስተኛው በሥላሴ ስም!» ይላል። ዐይኔ እስኪጉረጠረጥ በላሁ። በቃኝ ብል ማን ሰምቶኝ! ሁሉም የሚያየኝ እህል ወደሌለበት አገር እንደምትሄድ ልጅ ነበር። ፈረንጅ አገር እህል የለም ያላቸው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጅጋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር የምትኖሩም፣ እስቲ ይኸን ጉድ ላውራችሁ። አንጓች እባላለሁ። ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ብቻ ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እኅቴ ጠጅቱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ቡሬ ክሊኒክ ገብቼ ሲስተር ሄልጋ የምትባል ጀርመናዊት ነርስ ረዳት ሆንኩ። ጀርመንኛም የለቃቀምኩት ከሷ ነው። ወደ አገሯ ስትመለስ «የነርስ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቼልሻለሁ፤ ነይ!» ብላ ላከችብኝ። ደስታዬ! ቡሬ መኻል መንገድ ላይ እንደ ጥጃ ዘለልኩ፣ ሰው አየኝ አላየኝም አላልኩም።

እናቴ ግን አልዘለለችም። እናቴ በሕይወቷ ብቻዋን በልታ አታውቅም። ከእርሻ ውላ ስትገባ ርቧት እያለች እንኳ፣ ከሁለታችን አንዳችን ገበታው ዘንድ ካልቀረብን አትቆርስም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ነው ቃሏ። እንዲህ ያለች ሴት ልጇን ማዶ ሰዳ እንዴት ትዝለል!

ሰዉ ቀለል ሲል «ስሚ አንጓች» አለችኝ። አጠገቧ የነፍስ አባታችን አባ ጥበቡ ተቀምጠዋል፤ ለምስክር ሆነ ብላ ነው ያስቀረቻቸው። «ለሚመጣው መስቀል ፎቶግራፍሽን ትልኪልኛለሽ። ጉንጭሽ ሞልቶ ካየሁ ጠጅቱን ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ከስተሽ ካየሁ ግን አንችንም አስመልስሻለሁ፣ እሷንም ለጠየቁኝ ሰዎች እድራታለሁ። ሁለት ልጅ ለረኃብ አልሰጥም።»

«እምዬ፣ ሰው የሚታወቀው በጉንጩ ነው እንዴ?»

«ታዲያ በምን ሊታወቅ ኖሯል? ደብዳቤማ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

አባ ጥበቡ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ አፍ ይዋሻል፣ ሥጋ ግን አይዋሽም። እናትሽ ፈርዳለች፤ ፍርዱን ተቀበይ» አሉኝ። ጠጅቱ ምሰሶውን ተደግፋ በዐይኗ ትለምነኛለች። ያች ልጅ ፊደል የቆጠረችው ከኔ ደብተር ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት ደወል በሰማች ቁጥር ልቧ ይሄዳል። እኔ ከወፈርኩ ትማራለች፣ ከከሳሁ ትዳራለች። እስቲ ይኸን የሚመስል ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሲነጋ እናቴ አንድ ስልቻ በሶ አሸከመችኝ። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አስፈጭታ፣ ነፍታ ያሰናዳችው ነው። «ቢቸግርሽ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ባይቸግርሽም ጠጪ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝና፣ አውቶቡሱ ሳይነሣ ፊቷን አዞረች። የዓባይን በረሃ ወርደን እስክንወጣ ስልቻውን አቅፌ ነበር። አውሮፕላኑ ላይም አቅፌው ወጣሁ። ወጣቷ አስተናጋጅ «ከላይ ላስቀምጥልሽ?» ብትለኝ «ምን ቆርጦኝ!» አልኳት።

ፍራንክፈርት ስንደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ስልቻዬን አይቶ ክው አለ። አትፍረዱበት፤ ስልቻ እኮ ሲሞላ አንገቱም እግሩም ያስታውቃል። በጣቱ ነካ አደረገውና «ቫስ ኢስት ዳስ?» አለኝ፤ ይኸ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«በሶ» አልኩ።

«ሕያው ነው?»

«ኧረ በማርያም! ዱቄት ነው፤ የሚጠጣ።»

«ዱቄት አይጠጣም» አለኝ ቆጣ ብሎ።

«ባገራችን ይጠጣል።»

«ለምን በሽታ?»

«ለረኃብ በሽታ!»

ሌላ ሽማግሌ ሹም ጠራ። ሁለቱም አሸተቱ፣ በጣታቸው አሹት፣ ተያዩ። እኔ ደግሞ ንዴቴ መጣ። ከቧንቧው ውኃ በእፍኜ ቀድቼ፣ እዚያው እፊታቸው ትንሽ በሶ ለወስኩና በጭብጤ ጨምቄ ጭብጦ አደረግሁት፤ ግማሹን እኔ ጎረስኩ፣ ግማሹን ለሽማግሌው ላጎርስ እጄን ዘረጋሁ። ወጣቱ ወደኋላ አለ። ሽማግሌው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጎረሱልኝ! አላመጡ፣ አላመጡና «ጉት» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «በጦርነቱ ጊዜ ይኸን ባገኘን ኖሮ!» ብለው ማኅተማቸውን ዷ! አደረጉት። እኔም ፈረንጅ አጉርሼ ፈረንጅ አገር ገባሁ።

ትምህርት ቤቱ ያለባት ከተማ ትንሽ ናት። የተማሪዎቹ ማደሪያ ስለሞላ ሲስተር ሄልጋ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ቤት ክፍል አገኘችልኝ። ፍራው ቤከር ይባላሉ። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ኧረ ወይዘሮስ ወይዘሮ ነበሩ! ደረታቸው ቀድሟቸው ይገባል፣ ወንበሩ ሲቀበላቸው ሲጥ ይላል። እኔ ሳያቸው ልቤ በደስታ ዘለለ። እናቴ ብታይልኝ አልኩ፤ ይኸን የመሰለ ሰው የሚበቅልበት አገር ማን ይራባል!

ቀጥሎ ሕጋቸውን አነበነቡልኝ። ገላ መታጠብ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የውኃ ቧንቧ መክፈት ክልክል ነው። ደረጃ ላይ በጫማ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። የሚሸት ነገር ማብሰል ክልክል ነው።

«መተንፈስስ?» አልኳቸው፤ ጀርመንኛዬ ስላልበሰለ በትሕትና ይሁን በስድብ እንደወጣ አላውቅም።

ትንሽ አሰቡና «በቀስታ» አሉኝ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ምግብ ብዙ ነው፣ ግን ከአሳማ የጸዳ ነገር ማግኘት ጣጣ ነው። ጎመኑ ውስጥ አሳማ፣ አተሩ ውስጥ አሳማ! እኔ ድንቹን ለይቼ እበላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾሜን ነኝ። ሁዳዴ ሲገባማ ማን ያናግረኝ። ማታ ማታ ደግሞ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው የሚበሉት፤ ትኩስ ነገር ማታ አያውቁም። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ይዞ አንገቱን ደፍቶ መብላቱ ነው። «እንብላ» የሚል የለ፣ «ብይ በሞቴ» የሚል የለ። ፍራው ቤከርም ወጥ ቤታቸው ውስጥ ከራዲዮው ፊት ለፊት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ፀሐይዋም ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። ያገሬ ኑግ አበባ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል።

ፋሲካ አልፎ የነርስ ልብሴን ስለብስ ቀበቶው ወገቤ ላይ ዞረ። በመርፌ ቁልፍ አጠበብኩት። በሳምንቱ ደግሞ ዞረ። መስተዋት ፊት ቆሜ ጉንጬን ብዳስሰው አጥንት! ወየው ጠጅቱ አልኩ። ከመስቀል በፊት ካልሞላሁ እኅቴ ማሙሽ ታቅፋ ልትቀር ነው። በሶውን እንዳልጨርሰው እየሰሰትኩ ለረቡዕና ለዓርብ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ረኃብ ያስታግሳል እንጂ ጉንጭ አልሞላልኝም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራው ቤከር ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ከአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ዱቄት በማንኪያ ሰፍረው በወተት ይመታሉ። ቆርቆሮው ላይ ፈገግ ያለች ሴት ተሥላለች። የዱቄቱ ሽታ ቫኒላ ቫኒላ ይላል።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አይቫይስ ነው» አሉኝ። አይቫይስ ፕሮቲን ማለት ነው። «ወተት፣ ፕሮቲን፣ ቪታሚን፣ ሁሉም አለበት። ለሰውነት ነው፤ ሐኪሜ ያዘዘልኝ።»

ልቤ ቀጥ አለ! ይኸን ዱቄት እኔ አላውቀው? ቡሬ ክሊኒክ አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ሲመጡ ከቆርቆሮ የወተት ዱቄት በጥብጬ በማንኪያ የማጠጣቸው እኔ አልነበርኩ? መጀመሪያ ጭንቅላታቸው ብቻ የነበሩ ልጆች ጉንጫቸው ተነፍቶ በእናታቸው ጀርባ ሲወጡ እጄ ነው የሸኛቸው! በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን «ሥጋን የሚገነባው አይቫይስ ነው» ብላ ሰሌዳው ላይ ጽፋልናለች። እኔ ከሥጋ ሌላ ምን እፈልጋለሁ! የፍራው ቤከር ሰውነት የመጣው ከየት እንደሆነ ገባኝ አልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይኸ ነው።

«ለኔም ይሰጡኛል?» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ለአንቺ? ለምን?»

«ለሰውነቴ።»

ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ የፈረንጅ ትከሻ ብዙ ነገር ይናገራል። «እሺ፤ ግን በምትኩ ያንን ያንቺን ዱቄት አቅምሺኝ። ሁልጊዜ ዓርብ ስትጠጪው አይሻለሁ።» እንዲህ አድርገን ተዋዋልን። የሳቸው ቆርቆሮና የኔ ስልቻ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ! በፍስክ ቀን እራቴን ከበላሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ ግጥም! ጧት ዳቦዬን ከበላሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ ግጥም! በየቀኑ ጉንጬን እዳስሳለሁ። ሳይውል ሳያድር ቀበቶው መዞሩን ተወ፤ ቀጥሎም የመርፌ ቁልፉን ፈታሁት። ሌት ተቀን እዘፍናለሁ፤ በቀስታ፣ እንደ ሕጉ። ባገኘሁት ሁሉ ፊት «የጀርመን ጥበብ!» እያልኩ አመሰግን ጀመር። ተማሪዎቹ ለምን እንደሆነ ስላልገባቸው እነሱም ያመሰግኑኛል።

ፍራው ቤከር ግን ከቀን ቀን ፊታቸው ይጠቁራል። ሴት ልጃቸው ኢንግሪድ በነሱ በጋ ማብቂያ፣ በነሐሴ መጨረሻ ልታገባ ነው፤ ለሠርጉ ያሰፉት ሰማያዊ ቀሚስ አለ። በየሳምንቱ ይለኩታል፣ በየሳምንቱ እየተነፈሱ ያወልቁታል። እኔ ደግሞ ለማስደሰት «አይዞዎት፣ ይሞላሉ፤ እያማረብዎት ነው!» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ይኸን ስላቸው እንባቸው ጠብ አለ።

«ታሾፊብኛለሽ» አሉ።

«ኧረ እኔ! ለምን ላሾፍ?»

«ይኸን ሁሉ ወር ይኸን ዱቄት እየጠጣሁ አንድ ቁልፍ እንኳ አልቆለፍ አለኝ፤ አንቺ ይሞላሉ ትይኛለሽ!»

«ታዲያ መሙላት አይደል የሚፈልጉት?»

እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው «አንጓች፣ አንቺ ይኸን የምትጠጪው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለመወፈር ነዋ!»

«ለመወፈር?»

«እርስዎስ?»

«ለመክሳት!»

«ለምን?» አልኩ ጮኼ። እውነቴን ነው፣ በሽታ የያዛቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ጤነኛ ሰው፣ ሙሉ ጎተራ እያለው፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ወተት ጠጥቶ ሊከሳ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በኛ አገር ወተት ጾም ያስገድፋል፤ በነሱ አገር በወተት ይጾማል! እሳቸውም እኔን አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ወጣት ሴት ሆን ብላ ልትወፍር! ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቁ፤ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያ ጣራውን እስኪደበድብ ሳቅን። ሕጉ ሁሉ ያን ቀን ፈረሰ።

ስንረጋጋ ቆርቆሮውን አንሥቼ እንደ ነርስ ተማሪ ጽሑፉን እየተነተንኩ አነበብኩት። «በምግብ ምትክ» ይላል። በምትክ! እኔ በምግብ ላይ ነው የጠጣሁት፤ ለዚህ ነው የሞላሁት። እሳቸውስ?

«እኔማ በምሳ ምትክ ነው የምጠጣው፤ አላበላሽም» አሉ ኮራ ብለው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… አሥር ሰዓት ላይ ኬክ አለ።»

«በየቀኑ?»

«ትንሽ ኬክ ነው» አሉ፤ በእጃቸው ሲያሳዩኝ ግን የድንጋይ ወፍጮ ያህላል። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል። ባሌ ከሥራ የሚመጣው ያን ጊዜ ነበር። አየሽ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለአንድ ከረጢት ድንች የጋብቻ ቀለበቴን ሸጫለሁ። ዛሬ ኬክ እያለ ብርጭቆ ዱቄት ይዤ ብቻዬን ልቀመጥ?»

አንጀቴን በሉት። እናቴ መጣችብኝ፤ ያች ብቻዋን የማትቆርስ። «እንዲያ ከሆነ ብቻዎን አይጠጡም» አልኳቸው። «እኛ ስንጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ማንም ብቻውን አይፈታም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እገኛለሁ። እርስዎ የርስዎን፣ እኔ የኔን፤ ኬኩ ለእሑድ።»

«ጨካኝ ሕዝብ ናችሁ» አሉኝ። ግን እሺ አሉ።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝን ሳይመታ ሁለት ብርጭቆ አቅርበው ይጠብቁኛል። ቆርቆሮው ሲያልቅ ሌላ አልገዙም፤ «ያንቺ ይሻላል፣ ሆድ ይይዛል» ብለው በሶውን እንዳያልቅ በማንኪያ እየሰፈርኩ በማር በጥብጬላቸው ይጠጣሉ። እኔ ድንች ስበላ ቆይቼ ስለምመጣ ከሳቸው ጋር እደግማለሁ። ያወሩልኛል፣ አወራላቸዋለሁ። ስለ ጠጅቱ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ጉንጬን የሚዳስሱት እሳቸው ሆኑ። «ሞልቷል፣ ግን ግራው ትንሽ ይቀረዋል» ይሉኛል፣ የሳቸውን ወገብ ደግሞ እኔ እለካለሁ። አንዷ ስትሞላ አንዷ ስትጎድል እንደ ሚዛን ሆንን። አንድ ቅዳሜ ያን ሰማያዊ ቀሚስ ሲለብሱ ቁልፉ ቀጥ ብሎ ገባ። እልል ብዬ ለቀቅሁት! የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያው መለሰልኝ፤ እኔም ደገምኩለት።

በኢንግሪድ ሠርግ ቀን ፎቶግራፍ አንሺው እኔንና ፍራው ቤከርን ጎን ለጎን አቁሞ አነሣን። ጉንጬ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ጥርሴ ሁሉ ወጥቷል። በማግሥቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ላክሁት። ከዚያ መጠበቅ! መስቀል አለፈ፣ መልስ የለም። ጥቅምት ገባ፣ የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ምናልባት ጥላው ጉንጬን ጎድጎድ አስመስሎት ይሆን? ምናልባት እናቴ አላመነችው ይሆን?

ፍራው ቤከር ሁኔታዬን አይተው አንድ ቀን ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረጉት። ያ ስልክ እንዳይደወልበት በቁልፍ የተቆለፈ ነበር፤ እናንተ ታምኑኛላችሁ? እንደ ሳጥን! ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው «ቀሚሴን ያንቺ እናት በሶ ነው ያስገባኝ። ደውዪና አመስግኝልኝ» አሉኝ። እናቴ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ቴሌ እንድትጠብቀኝ አስቀድሜ ላክሁባት።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ጀርመናዊቷ ስልክ አገናኝ ለአዲስ አበባ ሰጠችኝ፣ አዲስ አበባ ለደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ማርቆስ ለፍኖተ ሰላም። በየመካከሉ «ይጠብቁ!» ይሉኛል። በመጨረሻ አንድ ድምፅ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ጮኸ።

«አንጓች! አንች ልጅ! አለሽ ወይ?»

«አለሁ እምዬ! አለሁ!»

«እሰይ! ድምፅሽ ራሱ ወፍሯል!» አለች። ከኋላዋ የቴሌው ሰውዬ «ይቀንሱ፣ አይጩኹ» ሲላት ይሰማኛል፤ እሷ ወይ ፍንክች! «ፎቶግራፍሽን አየሁት። አባ ጥበቡም አዩት፣ መንደሩ ሁሉ አየው። ጉንጭሽን እየሳምኩ ወረቀቱን አላሸቅሁት። ግን ያች አጠገብሽ የቆመችው ማን ናት? ምነው እጅጌዋ ሰፋት? ምን ሐዘን አገኛት? አብያት እንጂ! በሶ አልሰደድኩልሽም?»

«እሱኑ ነው የሰጠኋቸው እምዬ!» ሳቄ አላናግር አለኝ። «ጠጅቱስ? ጠጅቱን ምን አደረግሻት?»

«ቃሌን እበላለሁ? ገብታለች! ፍኖተ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ስንቋን እየመጣች ትወስዳለች። ይኸውና አጠገቤ ቆማለች።»

ጮህኩ! ተሽከረከርኩ፣ የስልኩ ሽቦ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ ፍራው ቤከርን አቀፍኳቸው። እሳቸውም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ጉት! ጉት!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ጠጅቱ ስልኩን ተቀበለች፤ ስታነብ ስታነብ እንደምታድር፣ ከክፍሏ እንደቀደመች በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንጓች፣ እምዬ ከስታለች።»

«ምን ሆና? አሟታል?»

«አላመማትም። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ገበታው ዘንድ አትቀርብም። ቅዳሜ ስመጣ ከኔ ጋር ትበላለች፤ በሌላው ቀን እንጃ። ጎረቤት ሲጠይቃት በላሁ ትላለች። ቀሚሷን በመቀነት ሁለቴ ነው የምትጠመጥመው። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር።»

«ስጫት!» አልኩ። «እምዬ! ለምንድን ነው የማትበይው?»

«ማን ነገረሽ ደሞ? እበላለሁ እንጂ።»

«አፍ ይዋሻል እምዬ። ነርስ ልሆን ነው፣ ስሚኝ። እህል አልወርድ ካለሽ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ። ጧት አንድ ዋንጫ፣ ማታ አንድ ዋንጫ። በሞቴ!»

ሳቀች። ያች የማውቃት ሳቋ ናት፣ ግን ቀጥናለች።

«በሶውስ ሞልቷል ልጄ» አለች። «ለማን ብዬ ልበጥብጠው?»

መልስ ሳልሰጣት መስመሩ ሄደ። «እምዬ!» ብል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ «ጨርሰዋል?» አለችኝ፣ ጀርመናዊቷም «ጨርሰዋል?» አለችኝ።

ፍራው ቤከር ስልኩን ከእጄ ወስደው ቦታው መለሱት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ስለነበር ሁለቱን ብርጭቆ አቅርበዋል፤ የኔን በማር አድርገውልኛል።

«እናትሽ ምን አሉ?» አሉኝ።

«ወፍረሻል አለችኝ» አልኩና ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ብርጭቆውን አነሣሁት፤ አልወርድ አለኝ።